በዕለታዊ ጽሕፈት የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ምን ያህል ይጎዳል?

ሰው ለወዳጁ ሲጽፍ ፊደል ቢሳሳት፣ ሰዋስው ቢያዛባ፣ ያስወቅሰዋልን ወይስ አያስወቅሰውም? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች ዘንድ ዘወትር ይነሣል፤ በተነሣም ቍጥር ተከራካሪው ወዲያው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ ፊደሉን የማይጠነቅቅ ሰው ቋንቋውን የናቀ ነውና ጽሑፉም ሊነበብለት አይገባም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ አሳቡ ከገባ ምን ቀረ? ለፈተና አልተጻፈ፣ ለፍርድ ቤት አልቀረበ፣ ብሎ ያልፈዋል። እኛ የሁለቱንም ክርክር ደጋግመን ሰምተናል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ስሕተት የሚባለው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ያንዱ ማስረጃ ለሌላው መልስ ሳይሆን ይቀራል።

ልንመረምረው ያሰብነው የዕለቱን ጽሕፈት ብቻ ነው፤ ይኸውም በእጅ ስልክ የሚላከውን አጭር መልእክት፣ በመኝታ ክፍል በር ላይ የሚለጠፈውን ቍራጭ ወረቀት፣ ተማሪ ለቤተ ሰቡ የሚልከውን ደብዳቤ ነው። የምርምር ድርሰት፣ የውል ወረቀት፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ኅትመት የየራሳቸው ሕግ አላቸውና በዚያ አንገባም።

እንዲህ ያለው ጽሕፈት ባገራችን አዲስ መሆኑን አስቀድሞ ማስታወስ ይጠቅማል። አያቶቻችን ደብዳቤ ይላላኩ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ባለ ጕዳዩ አልነበረም። ወይ የደብሩ ደብተራ፣ ወይ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ወይ ፊደል የቈጠረ የጎረቤት ልጅ ይጽፍላቸው ነበር። ደብዳቤውም የታወቀ መልክ ነበረው፤ «ይድረስ» ብሎ ይጀምርና ጤና ጠይቆ፣ የራስን ደኅንነት ተናግሮ፣ ዘመዱን ሁሉ በየስሙ ጠርቶ፣ ጕዳዩን ወደ መጨረሻው ጣል ያደርገዋል። ተናጋሪው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ ስለ ነበረ፣ ስሕተት ቢገኝ ጕድለቱ የጸሐፊው ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ በእጅ ስልክ በፊደላችን መጻፍ ስለ ተቻለ፣ ቀድሞ በአፍ ብቻ ይነገር የነበረው ሁሉ ዛሬ ይጻፋል። «የት ደረስክ?»፣ «እንጀራ ገዝተህ ና»፣ «ነገ ክፍል አለ ወይ?» የመሰለ ነገር በድሮው ደብዳቤ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ እንዲህ ያለውን የሚጽፈው ባለ ጕዳዩ ራሱ ነው፤ ቆሞም፣ እየሄደም፣ በታክሲ ተጨናንቆም ይጽፋል፤ የሚያርምለት የለም። ስሕተት በዛ ሲባል የምንሰማው ሮሮ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ከምክንያቶቹ ትልቁ፣ ቀድሞ የማይጽፈው ሰው መጻፍ መጀመሩ ይመስለናል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚከሰሰው የሞክሼ ፊደላት ስሕተት ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ ባማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ነው። ከየወገኑ አንዳንድ ብናስቀር አምስት ቤት ይተርፋል፤ ይኸውም በሰባቱ ቅርጽ ሲባዛ 35 ፊደል መሆኑ ነው። በጥንቱ ግዕዝ ግን የየራሳቸው ድምፅና የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። ሠዐለ ሥዕል መሣልን ሲያመለክት ሰአለ መለመንን ያመለክታል፤ መሀረ ማስተማር ሲሆን መሐረ ይቅር ማለት ነው። ባማርኛም ቢሆን ድኅነትን ከድህነት፣ ማለት መዳንን ከማጣት፣ በጽሑፍ የሚለየው ይኸው አንድ ፊደል ነው። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ክርክሩ በተነሣበት ሁሉ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ እሱ ብቻ የሚጠቀስበት ምክንያት፣ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ይህን የሚያህል ሁለተኛ ምሳሌ ማግኘት ስለሚያስቸግር ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ደግሞስ ከመንደር ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ስለ ድህነቱ የሚጽፍልን ወዳጃችን ስለ ነፍሱ መዳን የጻፈልን የሚመስለው ማን ነው?

እነዚህን ልዩነቶች ጠብቀው ላቈዩልን ሊቃውንት ባለ ዕዳዎች ነን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ባይኖር፣ የቃላትን ሥር መከተል ለኛ ለተማሪዎች ጭንቅ በሆነ ነበር። አለቃ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው ለራሳቸው ሥራ የሰጡት ስም ደግሞ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚል ነው፤ ዐዲስ የተባለው በዐይኑ ዐ ነው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ቃሉ ከግዕዙ ሐዲስ የመጣ ነውና ከአልፋው አ ይልቅ ዐይኑ ዐ ለሥሩ ይቀርባል። ነገር ግን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣ ስሙ አዲስ ዘመን ነው፤ ዋናው ከተማችንም አዲስ አበባ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም በአልፋው አ። እንግዲህ በሊቁ ሚዛን ከሄድን የከተማው ስም በየመንገዱ ምልክት ላይ ተሳስቶ ተጽፏል ማለት ነው። በዚህ ስሕተት ምክንያት መንገድ የጠፋበት እንግዳ እስካሁን አልሰማንም።

ተደራራቢዎቹን ፊደላት መቀነስ ይገባል የሚለው አሳብም የሰነፍ ተማሪ ፈጠራ አይደለም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መግቢያ ላይ ስለዚሁ ጕዳይ ጽፈዋል። ያ መጽሐፍ በፊደሉ ምክንያት ያማርኛ ድርሰት መሆኑ ቀርቶበታል የሚል ሰው ቢኖር ልናነጋግረው እንወዳለን። ወደ ኋላም ብንመለስ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ባማርኛ የተጻፉት የነገሥታት ደብዳቤዎች በሞክሼዎቹ አንድ ወጥ አጻጻፍ አይከተሉም። የግዕዝ ብራናዎች እንኳ ጸሐፊዎቻቸው ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ ሲያለዋውጡ ይገኛሉ። የጥንት ሰው ሁሉ ጠንቅቆ ይጽፍ ነበር የሚለው አነጋገር ከብራናው ጋራ አይስማማም።

ስለዚህ በዕለት ጽሕፈት ዓመት በአልፋው አ ቢጻፍ፣ ሰላም በንጉሡ ሠ ቢጻፍ፣ አንባቢው የሚያጣው ነገር የለም። በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የትግርኛ ተናጋሪዎች ጓደኞቻችን ሐንና ሀን፣ ዐንና አን በአፋቸው ይለያሉ፤ ለነሱ ፊደሉ ሕያው ድምፅ ስለ ሆነ ቢያሳስባቸው አይፈረድባቸውም። እኛ ባማርኛ ብቻ ያደግነው ግን ልዩነቱን የምናውቀው በዓይን ነው፤ በጆሮአችን ያልሰማነውን ነገር ሌላው ሰው ሲስተው እንደ ነውር መቍጠራችን ያስገርማል።

በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የቃል ጽሕፈት ነበረን። አንድ ሐመሩ ሐ ቦታውን ሲስት በቀይ ቀለም ይከበብና ማርክ ይቀነስ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ አያይዞ የሄደ ልጅ ግን ምንም አይቀነስበትም፤ «እሱ» የተባለው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ገጹ ቢያልቅም አይቀነስበትም። የተማርነውን አናማርርም፤ ይህንንም ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያው ልማድ ነው። ሚዛኑ ወዳንድ ወገን ማጋደሉ ግን አብሮን ያደገ ይመስላል፤ የሰው ጽሑፍ በእጃችን ሲገባ ዓይናችን አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሀና ወደ ሐ ነው።

እንግዲህ የሚጎዳው ስሕተት የትኛው ነው? በኛ አስተያየት፣ አንባቢውን ሁለት ጊዜ የሚያስነብበው፣ ይልቁንም ያልተባለውን ተባለ ብሎ እንዲረዳ የሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት በብዛት የሚገኘው ማንም በማይሥቅበት ቦታ ነው። ግዕዙንና ሳድሱን መለዋወጥ አንዱ ነው። «ከበደ የቤት ኪራይ ሰጠኝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገንዘቡን ተቀብሏል፤ «ከበደ የቤት ኪራይ ስጠኝ» ካለ ግን ገና እየጠየቀ ነው፤ ከበደም ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ተጠሪ ይሆናል። በሰና በስ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት። «ነገረኝ» እና «ንገረኝ»፣ «ላከልኝ» እና «ላክልኝ» እንዲሁ ናቸው። በብዙዎቹ የስልክ መጻፊያዎች ደግሞ ሳድሱ መጀመሪያ ይወጣና አናባቢው ሲጨመርበት ግዕዝ ይሆናል፤ ጣት አንድ ጊዜ ሳይነካ ካለፈ ሰጠኝ የነበረው ስጠኝ ሆኖ ይሄዳል። አባት ለልጁ ኪራይ ደገመኛ ለመላክ ወይም ላለመላክ የሚወስነው በዚህች ጭረት ነው።

ሁለተኛው የባለቤትና የአክብሮት ነገር ነው። አማርኛ የግሡን መጨረሻ ካልጠበቁለት ማን ለማን እንደ ተናገረ አይታወቅም፤ መጣህና መጣሽ፣ መጥቷልና መጥተዋል የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ነው። ለመምህሩ «ነገ ትመጣለህ ወይ?» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ሐመሩን ሐ አንድም ሳይስት ቢጽፍ እንኳ ጽሑፉ ተበላሽቷል። «ነገ ይመጣሉ ወይ?» ያለውም ቢሆን ሥራውን ገና አልጨረሰም፤ ይመጣሉ ማለት እርስዎ፣ ወይም እሳቸው፣ ወይም እነሱ ሊሆን ይችላልና፣ ሳያይ የሚያነብ ሰው አንዲት «እርስዎ» ያስፈልገዋል። በንግግር ጊዜ ፊትና እጅ የሚሞሉትን ነገር በጽሕፈት የሚሞላው ቃል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ጥፋት አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ሰፊ ሲጠብቅ ሰፋ ያለ፣ ሲላላ ልብስ ሰፊ ነው፤ ገና ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ጊዜው ነው። ቅኔ አዋቂዎች በዚህ ጠባይ ሰምና ወርቅ ይሠሩበታል፤ መልእክት ላኪው ግን ይቸገርበታል። አንድ ሰው «ከበደስ?» ብሎ ቢጠይቅና «አልመጣም» የሚል መልስ ቢመጣለት፣ ምን ተረዳ? ጠ ከጠበቀ ከበደ ሳይመጣ ቀርቷል፤ ጠ ከላላ ግን መልሱን የላከው ሰው እኔ አልመጣም ማለቱ ነው። በአፍ ቢሆን የማይምታታ ነገር በጽሑፍ አንድ መልክ ያዘ። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት የሸመደደውም ያልሸመደደውም እኩል ናቸው፤ ፊደሉ አንድም ስሕተት የለበትም፤ ነገሩ ግን አልተነገረም። «እሱ አልመጣም» ወይም «እኔ አልመጣም» ብሎ አንዲት ቃል የጨመረ ሰው፣ ዓመትን በማንኛውም አ ቢጽፈው፣ እኛ ጠንቃቃ ጸሐፊ የምንለው እሱን ነው።

በላቲን ፊደል አማርኛ የመጻፍ ልማድም ከዚህ ጋራ ሊታይ ይገባዋል። ልማዱ የተጀመረው ስልኮች ፊደላችንን በማያውቁበት ጊዜ ነበርና በጊዜው ነቀፋ አልነበረበትም። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ በላቲን አንድ አጭር መልእክት እስከ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ሂሳቡን ግን እስከ ዳር ማድረስ ይገባል፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ፣ ሰላም በኛ ሦስት ሲሆን በላቲን አምስት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ 160 እና 70 የሚሉት ቍጥሮች የሚያስመስሉትን ያህል አይደለም። በአንጻሩ የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው። በላቲን ተና ጠ አንድ፣ ከና ቀ ብዙ ጊዜ አንድ፣ ቸና ጨ አንድ ይሆናሉ፤ አናባቢዎቹም እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ። «ወንድምህ መጣ» እና «ወንድምህ መታ» አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ፤ ማንን መታ ብሎ የሚደነግጥ አንባቢ አይታጣም። ብዙ ቀን ሳይታይ የሰነበተ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» ሲባል፣ በላቲኑ «ምነው ተፋህ?» ብሎ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በሐና በሀ የሚከራከረው ተማሪ ራሱ፣ ክርክሩን ጨርሶ ለጓደኛው በላቲን ሲጽፍ እናየዋለን። በዚህ ረገድ በሞክሼ እየተሳሳተም ቢሆን በፊደላችን የሚጽፈው ሰው፣ ለአንባቢው የበለጠ አስቦለታል።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት። ነገር ግን ስሕተትን መንቀፍ ሌላ ሥራ ሲሠራ አይተናል። በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ውሃ ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ አንድ ተማሪ ለሁሉም በሚደርስ መልእክት አቤቱታውን ጻፈ። ምን ያህል ቀን እንደ ቈየ፣ የትኛው ፎቅ እንደ ተጎዳ፣ ማን እንደ ታመመ በዝርዝር አስረድቶ ነበር። «ውሃ» ያለው ግን «ዉሃ» ብሎ በካዕቡ ነበር። መጀመሪያ የደረሰው መልስ ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ዉው ሆነ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስም ሣቅ ብቻ ነበሩ። አራሚው ሊቅ «ውሃ ነው የሚባለው» ብሎ በሀሌታው ሀ አስተካከለ፤ የጥንቱን አጻጻፍ የሚከተሉ መጻሕፍት ግን ውኃ ብለው በብዙኃኑ ኀ ነው የሚያትሙት፤ ስለዚህ እርማቱም እርማት ይፈልግ ነበር። አቤቱታውን ማንም አልደገፈው፤ ጸሐፊውም ሁለተኛ አልጻፈም። ፊደል ማረም እንዲህ ሲሆን የቋንቋ ፍቅር መባሉ ያጠራጥረናል፤ ነገሩን መመለስ ያልፈለገ ሰው የሚሸሸግበት ጥግ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደስ ብሎት እንዳያነበን ግን እንፈራለን። «አሳቡ ከገባ ምን ቀረ?» ያለው እሱ ነው፤ አሳቡ መግባቱን ግን ማን ነገረው? ላኪው የጻፈውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ስጠኝን ሰጠኝ ብሎ ያነበዋል፤ አልመጣምን በራሱ ድምፅ አጥብቆ ይሰማዋል። የሚቸገረው ተቀባዩ ነው። ላኪው ልኬአለሁ ብሎ ሲያርፍ ተቀባዩ ይፈታል፣ ይገምታል፣ መልሶ ይደውላል። ቸኵሎ የተጻፈው መልእክት ያተረፈው ጊዜ ከሌላው ሰው ጊዜ የተወሰደ ነው። የፈተና ክፍል መለወጡን ለጓደኞቹ የሚያስታውቅ የክፍል አለቃ፣ ሰዓቱን ሳይጽፍ፣ ወይም ጧት ይሁን ማታ ሳይለይ፣ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ ደራርቦ ቢልክ፣ ሰዎቹ ፈተና ቢያመልጣቸው እኔ ነግሬአለሁ ማለቱ አያድነውም።

ሌላ መቃወሚያ አለ፤ በዕለት ጽሕፈት ቸል ያለ እጅ በፈተናም ቸል ይላል የሚል ነው። ይህን አሳብ የሚያቀርቡት መምህራን ስለ ሆኑ በቀላሉ አንጥለውም። ይሁን እንጂ ሰው አነጋገሩን እንደ ቦታው ሲለውጥ ዘወትር እናያለን፤ ለእኩያው አንተ የሚለው ልጅ ለአጎቱ እርስዎ ማለት አይሳነውም። በድርሰቱ ሐና ሀን የማይለይ ተማሪ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞውንም ያላስተማሩት ነው፤ ለጓደኛው በላከው መልእክት ምክንያት የረሳው አይመስለንም። ድሮም ቢሆን ፊደሉን የሚያስጠነቅቀው መጽሐፍ ማንበብ ነበር፤ ዛሬም እሱው ነው።

አፍ መፍቻቸው ሌላ ቋንቋ ሆኖ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ጓደኞቻችን ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። እነሱ የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ እኛ በማንሳሳትበት ቦታ ነው፤ የወንድና የሴት አንቀጽ፣ የአክብሮት መጨረሻ፣ የጠ እና የተ ልዩነት ያስቸግራቸዋል። ከላይ በሰጠነው ሚዛን እነዚህ አሳብ የሚለውጡ ስሕተቶች ናቸውና መታረማቸው ይገባል፤ ነገር ግን አንባቢው በመሣቅ ፈንታ «ሰጠህ ነው ወይስ ልስጥህ?» ብሎ ቢጠይቅ እርማቱም በዚያው ይፈጸማል። የምናየው ግን ይህን አይደለም። ከነዚህ ጓደኞቻችን አንዱ ቀድሞ ለክፍሉ የሚላከውን ጽሑፍ ሳይልክ በፊት ለሌላ ሰው ያሳይ ነበር፤ አሁን ጨርሶ መጻፉን ትቶ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ባለፈው መንፈቅ የጥናት ቡድናችንን የሥራ ክፍፍል የተናገረው በዚሁ መንገድ ነው። አነጋገሩ የጠራ ነበር፤ ሁላችንም ሰማነው። በሳምንቱ ማን ምን እንዲሠራ እንደ ተባለ ለማጣራት ፈልገን ስንመለስ ግን፣ ከስድስት ደቂቃ ድምፅ በቀር የሚነበብ መስመር አላገኘንም።